የዝናብ ካርታና የበረዶ መዝገብ በምዕራብ ጎጃም

ምዕራብ ጎጃም በአገራችን የዝናብ ካርታዎች ላይ ዘወትር አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ አገር ነው። ከግሽ ዓባይ ተራራ ሥር አንሥቶ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ያለው ገበሬ በክረምት ዝናብ አጣሁ ብሎ የሚያማርርበት ዓመት ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን፣ የምርምር ሠራተኞችም ጭምር፣ የአየር ጠባይ ካርታ ለወሎና ለትግራይ፣ ለቦረናና ለሶማሌ እንጂ ለእኛ ወረዳዎች የሚያገለግል አይደለም እያልን ቆይተናል። ይህ አስተሳሰብ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን በየክረምቱ ሰብል እያስበላን ነው።

በቅድሚያ እኛው ያጠፋነውን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ መጀመሪያ ገደማ፣ በሰከላ ወረዳ ደጋ ላይ የሚሠራ አንድ የልማት ሠራተኛ ስልክ ደወለልን። ትናንት ከሰዓት በኋላ በረዶ ወርዶ ድንቹንና ገብሱን ከመሬት ጋር እንዳጣበቀው፣ ገበሬውም ምን ላድርግ እያለ እንደሚጠይቀው ነገረን። እኛም ወዲያው በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ካርታ ከፍተን ቦታውን ጠየቅን። የወጣው መልስ አካባቢው በዚያ ሰሞን ከመደበኛው ጋር የተቀራረበ ዝናብ ማግኘቱን የሚያሳይ ስለ ነበረ ይህንኑ ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ወንድሞቼ፣ እኔ የቆምሁት እኮ ማሳው ላይ ነው» አለን። ከሦስት ቀን በኋላ ሄደን ስናይ ከጅረቱ ወዲህ ያለው ገብስ ራሱ ተሰብሮ በጭቃ ተለውሷል፤ ከጅረቱ ማዶ ያለው ግን ምንም ሳይሆን ቆሟል። ካርታው አልዋሸም፤ እኛ የማያውቀውን ነገር ጠይቀነው ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ያ ስሕተት ነው። ዛሬ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ፣ ይልቁንም በልማት ሠራተኛው ኪስ ባለው ስልክ ላይ፣ ጣት ሲያርፍበት የዚያን ቦታ የዝናብ መጠን፣ ያለፉትን ዓመታት አማካይና ከአማካዩ ያለውን ልዩነት የሚያወጣ ካርታ ማግኘት ይቻላል። እንደ ድሮው በቡለቲን ላይ ታትሞ የሚመጣ ቀለም ብቻ ሳይሆን ቦታውንና ጊዜውን እየመረጡ የሚጠይቁት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ «የሚጠየቅ ካርታ» እንለዋለን። ከነዚህም አንዱ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ቀድሞ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የካርታ ክፍል ወይም «ማፕሩም» የሚባለው ነው። ይህ ሥራ የመሬት ጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር የሚያዋሕድ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው በኩል የመሩት የአገራችን ልጅ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ናቸው። «ቺርፕስ» የተባለው ሌላው ካርታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አራት ማዕዘን እየከፈለ ያሳያል።

እነዚህ ካርታዎች ለምን ተሠሩ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ረሀብ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ «ዝናብ የጎደለው የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በጊዜ ለመመለስ የተቋቋሙ ብዙ ሥራዎች አሉ። የአሜሪካ መንግሥት የረሀብ ማስጠንቀቂያ መረብ «ፊውስ ኔት» እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቺርፕስም በኋላ ለዚሁ አገልግሎት የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ካርታው ከተፈጥሮው ድርቅ ጠያቂ ነው። የእኛ አገር ጉዳት ግን በአብዛኛው ከዝናብ እጥረት የሚመጣ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ፣ በረዶው፣ ስንዴና ጤፉን የሚያጋሽበው ነፋስ፣ ከብቱን ከእረኛው ጋር ከዛፍ ሥር የሚመታው መብረቅ፣ በርበሬውን የሚያበሰብሰው የተኛ ውሃ ነው። የወር ዝናብ አማካይ ይህን ሁሉ ደብቆ «መደበኛ» ብሎ ያልፋል።

በረዶ ከካርታው የሚያመልጥበትን ምክንያት በቁጥር እናሳይ። ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን 2,500 ሔክታር ይሆናል፤ ይህም የአንድ ቀበሌ ያህል ነው። ካርታው ለዚህ ሁሉ መሬት የሚሰጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የበረዶ መንገድ ግን ወርዱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትሮች እስከ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነው። በተጨማሪም ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ እንጂ ከደመናው ሥር የሚወድቀውን አይደለም፤ የወደቀው ውሃ ይሁን በረዶ አይለይም። ሌላው ቀርቶ የዝናብ መለኪያው ራሱ በረዶውን አቅልጦ በሚሊ ሜትር ነው የሚቆጥረው። በዋና ዋና ጣቢያዎች ያለው ታዛቢ በረዶ የጣለበትን ቀን ይጽፋል፤ ዝናብ ብቻ በሚለካባቸው ጣቢያዎች ግን ያ ቀን ጥሩ ዝናብ የጣለበት ቀን ሆኖ ይቀራል። ጣቢያዎቹም በአብዛኛው የመኪና መንገድን ተከትለው በከተሞች ውስጥ ያሉ ናቸው። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናቸው፤ ከፍኖተ ሰላም በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ደጋ ግን የራሱ ጠባይ አለው።

በቅርቡ አንድ አዲስ ነገር መጥቷል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የተመጠቀው የአውሮፓ ሦስተኛ ትውልድ «ሜቲዎሳት» ሳተላይት የመብረቅ ብልጭታን የሚቆጥር መሣሪያ ተሸክሟል፤ አፍሪካንም ያያል። መብረቅ የበዛበት ደመና ኃይለኛ ደመና ስለ ሆነ የበረዶን ሥጋት ለመጠርጠር ይረዳል። ይሁን እንጂ መጠርጠር መመስከር አይደለም፤ መብረቁ በርክቶ በረዶ ያልጣለበት ከሰዓት በኋላ በየሳምንቱ አለ።

ይህን ሁሉ የምንለው ካርታውን ለማጣጣል አይደለም። የሰከላው የልማት ሠራተኛ ሲደውልልን ካርታውን ስለ ትናንቱ በረዶ ከመጠየቅ ይልቅ ስለሚመጣው ስድስት ሳምንት ብንጠይቀው ኖሮ እውነተኛ ርዳታ ባገኘን ነበር። በረዶ ከመታው በኋላ ገበሬው የሚቸገርበት ጥያቄ «ልገልብጠው ወይስ ልጠብቀው?» የሚል ነው። በቆሎ ገና አምስት ቅጠል ገደማ ሳለ የማደጊያ ጫፉ ከመሬት በታች ስለ ሆነ ቅጠሉ ቢረግፍም አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል። ስለዚህ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ሳይታገሡ ማሳውን መገልበጥ ስሕተት ነው። አገዳውን በቁመቱ ሰንጥቆ ማየት ነው፤ ጫፉ ነጭና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ጠቁሮ ከለሰለሰ ሞቷል። ወንዴ አበባ ሲያወጣ ቅጠሉ በሙሉ የተነጨ በቆሎ ግን ምርቱ በጣም የተጎዳ ነው። ተገልብጦ ጤፍ ይዘራበት፣ ወይስ እስኪጠነፍፍ ተቆይቶ በቀሪው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበት የሚለውን ለመወሰን ዝናቡ መቼ እንደሚያቆም መገመት ያስፈልጋል። የሚጠየቅ ካርታ እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ ከ40 በላይ ክረምቶችን ስለ ያዘ «በዚህ አካባቢ ስንቱ ዓመት ከመስከረም አጋማሽ በኋላ በቂ ዝናብ ዘንቧል?» ቢሉት ዓመት እየቆጠሩ መልሱን ማግኘት ይቻላል። ሽማግሌ እንኳ ይህን ያህል ዓመት ሳያሳስት አያስታውስም።

ሁለተኛው ጥሩ ጥያቄ የላይኛውን አገር መጠየቅ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን ያጠለቀለቀውና ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ጎርፍ የመጣው ከከተማዋ በላይ በሐረርጌ ደጋ ከጣለው ዝናብ ነው። በእኛም በኩል እንደ ብርና ፈጠም ያሉት ወንዞች ከደጋ ወርደው ወደ ዓባይ የሚገቡ ናቸው። ከታች በቆላው ዳር የሚያርሰው ማኅበር ሰማዩ ጠርቶ እያየ ወንዙ ሊሞላበት ይችላል። ስለዚህ የቆላው ልማት ሠራተኛ የራሱን አራት ማዕዘን ብቻ ሳይሆን ውሃው የሚመጣበትን አራት ማዕዘን ይጠይቅ። ከዚህም ጋር የደጋውን የልማት ሠራተኛ ስልክ ቁጥር መያዝ ካርታ ከመክፈት ይፈጥናል፤ ይህን ሳናፍር እንናገራለን።

ሦስተኛው የዩሪያ ጉዳይ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በአንድ ሔክታር ላይ 500 ሺህ ሊትር ውሃ ፈሰሰ ማለት ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት በማሳው ላይ የተበተነ ዩሪያ የት እንደሚሄድ ለገበሬው መንገር አያሻም። የሦስትና የአምስት ቀን ትንበያ የሚያሳዩ ካርታዎች ለዚህ ይጠቅማሉ። ተዳፋት በሆነ ማሳ ላይ የሚወጣው ፈሰስም መቼና በምን ያህል ተዳፋት ይውጣ የሚለው ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው፤ ቁልቁል የተለቀቀ ፈሰስ በአንድ ዶፍ ቦረቦር ይሆናል።

ካርታውን ስንጠይቅ የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮችን ደጋግመን ስላየን እዚህ ላይ እናነሣቸዋለን። አንደኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። በካርታው ላይ «የጁላይ የመጀመሪያ አሥር ቀን» የሚለው በእኛ አቈጣጠር ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 3 ያለው እንጂ የሐምሌ መጀመሪያ አሥር ቀን አይደለም። ይህን ሳያስተውል የሐምሌ አጋማሽን ዶፍ ከሰኔ መጨረሻ ቁጥር ጋር አነጻጽሮ ካርታው ዋሸ ያለ ባለሙያ አጋጥሞናል። ሌላው የቀኑ መጀመሪያ ነው። የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስለ ሆነ ሰኞ ማታ የጣለው ዝናብ ማክሰኞ ጠዋት ይጻፋል፤ የሳተላይቱ ቀን ግን ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ይቆጠራል። በተጨማሪም ቺርፕስ በመሠረቱ የአምስት ቀን ግምት ሲሆን ዕለታዊው ቁጥር ከዚያ ተከፋፍሎ የወጣ ነው። ስለዚህ የአንድን ቀን ዶፍ ለማጣራት በርሱ ዕለታዊ ቁጥር መመካት አይገባም። ሦስተኛው የወቅት ትንበያው አነባበብ ነው። «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ» ማለት ዝናቡ በ45 ከመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ከመደበኛ በታች ወይም መደበኛ የመሆኑ ዕድል በድምሩ 55 ከመቶ ነው ማለትም ጭምር ነው። ይህን በስብሰባ ላይ አሳስቶ መንገር ማኅበሩን በሐሰት ማስተማመን ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንመለስ። ካርታው የማያየውን ማየት የሚችለው በማሳው ላይ የቆመው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ያየው የሚጻፍበት ቦታ ሊኖር ይገባል። በአሁኑ ጊዜ ከልማት ጣቢያ ወደ ወረዳ በሚሄደው ሪፖርት ላይ ስለ አየሩ የምናነበው ብዙውን ጊዜ «የዝናቡ ሁኔታ ጥሩ ነው» የሚል አንድ መሥመር ነው። በረዶ ጉዳት ሲያደርስ ለርዳታ ጥያቄ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤውም ከፋይሉ ጋር ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ቀበሌ በአሥር ዓመት ውስጥ በረዶ ስንት ጊዜ ጣለ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሸንተረር በኩል አለፈ ብሎ ለሚጠይቅ የጽሑፍ መልስ የሚሰጠው የለም።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሓ በተባለ ቦታ በጤፍ አምራቾች ላይ የተሞከረው የአየር ጠባይ ኢንሹራንስ ጉዳትን በየማሳው እየዞሩ ከመገመት ይልቅ በዝናብ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ካሣ የሚከፍል ነበር። ድርቅ ለሚያጠቃው አገር ይህ ጥሩ አሳብ ነው፤ ወጪው አነስተኛ፣ ክፍያውም ፈጣን ነው። ዓይነቱ በአማራ ክልልም ተሠርቶበታል። ነገር ግን ይህን የመሰለ ውል ለአንድ የሰከላ ወይም የቡሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢቀርብለት፣ በረዶ ማሳውን ባጠፋበት ዓመት ሳተላይቱ «ዝናብ በቂ ነው» ስለሚል ማኅበሩ ዓረቦኑን ከፍሎ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ የማንም ማታለል አይደለም፤ ውሉ በዝናብ እጥረት ላይ ብቻ የቆመ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የማኅበራት የሥራ አመራር አባላት ከመፈረማቸው በፊት «በረዶ፣ ዶፍና ነፋስ በውሉ ውስጥ አሉ ወይ? ጉዳቱንስ በቦታው ተገኝቶ የሚገምት አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ ዘንድ አጥብቀን እንመክራለን። በረዶን የሚሸፍን ውል ለማዘጋጀት ደግሞ ማንኛውም ኢንሹራንስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው በረዶው በስንት ዓመት አንድ ጊዜ እንደሚጥል ነው። ያለ መዝገብ ዋጋ አይተመንም።

የዘር ጉዳይም እንዲሁ ነው። ማኅበሩ ለመልሶ መዝሪያ የሚሆን ፈጥኖ ደራሽ ዘር ምን ያህል ይያዝ? ብዙ ከያዘ ገንዘቡ ይታሰራል፤ ካልያዘ ደግሞ በረዶ በመታው ሳምንት ዘር ፍለጋ ገበያ ይወጣል። ይህም በግምት ሳይሆን በመዝገብ የሚወሰን ነው።

መዝገብ የሚያስገኘውን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደምበጫ በስተሰሜን ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ 113 ሔክታር ብቻ ነው። በ1976 ዓ.ም. በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የተቋቋመው ጣቢያ የዝናቡን መጠን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱን፣ ከርሱም ጋር የታጠበውን አፈር በየጊዜው መዝግቧል። እንዲህ ያሉ መዝገቦች በመኖራቸው ነው በዓመት ከሚታጠበው አፈር ብዙው በጥቂት ዶፎች እንደሚሄድና በተለይ መሬቱ ለጤፍ ደጋግሞ ታርሶ ራቁቱን በሚቆይበት ጊዜ ጉዳቱ እንደሚከፋ ዛሬ በእርግጠኝነት የምንናገረው። በዚያ ተፋሰስ የተሠራውን እርከን ለማየት የተመላለሰ ጎብኚ ብዙ ነው፤ በደብተሩ ላይ ያን ሁሉ ቁጥር የጻፉትን የአካባቢውን ታዛቢዎች ያመሰገነ ግን ጥቂት ይመስለናል።

እኛ የምናቀርበው አሳብ ከዚያ ያነሰ ነው። በየገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ አንድ ደብተር ይቀመጥ። በረዶ በጣለ ቁጥር ቀኑ፣ የጀመረበት ሰዓትና የቆየበት ጊዜ፣ የፍሬው መጠን (እንደ ሽምብራ፣ እንደ ባቄላ፣ እንደ እንቁላል)፣ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንዳለፈ፣ የመታው ሰብልና ያለበት የዕድገት ደረጃ ይጻፍበት። ስልክ ያለው ሰው በማሳው ዳር ቆሞ ከጂፒኤስ የሚያገኘውን ቁጥር ይጨምርበት፤ ፎቶግራፍም ያንሣ። በረዶ ያልጣለበት ሳምንትም «አልጣለም» ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ መሥመር የተተወ እንደ ሆነ በረዶ አለመጣሉን ወይም ታዛቢው አለመኖሩን በኋላ መለየት አይቻልም። የዝናብ መለኪያ ከሌለ ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ከዛፍና ከቤት ርቆ ይተከልና በየጠዋቱ 3 ሰዓት የውሃው ጥልቀት በማስመሪያ ይለካ።

የልማት ሠራተኛው ሥራ እንደበዛበት እናውቃለን። ማዳበሪያ ሥርጭቱ፣ የተፋሰስ ዘመቻው፣ የብድር አሰባሰቡ ሁሉ በርሱ ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ቅጽ አንጠይቅም፤ «የዝናቡ ሁኔታ ጥሩ ነው» የሚለው መሥመር ይውጣና የደብተሩ ግልባጭ በምትኩ ይግባ። የማኅበሩ ጸሐፊም ወይም በአቅራቢያው ያለ የትምህርት ቤት ልጅ ደብተሩን ሊይዝ ይችላል።

ለምን ደብተር፣ ለምን በስልክ አይላክም ለሚሉን ያለፉትን ዓመታት ማስታወስ ይበቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሳለ የሚጠየቅ ካርታ የሚከፍት አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ርዳታ ሲቆም የፊውስ ኔት ገጽ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ገጹ የሌላ አገር ነው፤ በጀቱም የሌላ ነው። ኔትወርክ ባለ ጊዜ የቀበሌውን የዝናብ መጀመሪያና ማብቂያ፣ የየወሩን አማካይ፣ ከባድ ዝናብ የሚበዛባቸውን ሳምንታት ከካርታው አውጥቶ በዚያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ መገልበጥ ይበጃል።

ደብተሩ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ቢከፈት የሰኔውን የመጀመሪያ ነጎድጓድ ያገኘዋል። በጥቅምት ወር የደብተሩን ግልባጭ ወይም የገጾቹን ፎቶግራፍ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ላኩልን፤ የየቀበሌውን የበረዶ መንገድ በካርታ ላይ አስፍረን ለየማኅበሩ እንመልሳለን። የሰከላው ባልደረባችን ያን ዕለት ስልኩን ከዘጋ በኋላ ያየውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፎ ስለ ቆየን የመጀመሪያው መሥመር አለን።